ሰብሳቢው ተቀመጥ እስኪለው

ፋንቱ ባሏ ደህና መሆን አለመሆኑን የምታውቀው በስፌት መኪናው ድምፅ ነው። መኪናው ጠርርር እያለ ከሄደ ገብሬ ደህና ነው። ቆም ብሎ ወዲያው ከቀጠለ ክር ተበጥሶበት ነው፤ እሱም ደህና ነው። ቆሞ ከቀረ ግን መቀሷን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደሱ ትዞራለች። ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ እንዲህ ሆኖ ኖረ። አንደኛው ከገበያተኛው ጋር ይከራከራል፣ ሌላው መኪናውን ይጠብቃል።

ሱቃቸው ቡታጅራ ነው፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ። ገብሬ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ፋንቱ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሸጣለች፣ ትጣላለች። መጣላቱ የሷ ድርሻ ነው፤ ገብሬ ከማንም ጋር አይጣላም። እጅጌው ረዘመ ቢሉት «ልክ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። አጠረ ቢሉትም «ልክ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። አንድ ቀን አንዲት እናት ሌላ ሰፊ ዘንድ ያሰፋችውን ሱሪ ይዛ መጥታ ብትጮህበት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ተቀብሎ መተርተር ጀመረ። ፋንቱ ሱሪውን ከእጁ ነጥቃ ሴትዮዋን እስከ አስፋልቱ ድረስ በምላሷ ሸኘቻት።

ከሱቁ ጀርባ በኮምፔንሳቶ የተከፈለች ክፍል አለች፤ በሯ መጋረጃ ነው። ድሮ የጨርቅ ጣቃ ይደረደርባት ነበር። አሁን የልጃቸው የሩት ጓደኞች ይሰበሰቡባታል። ሩት ወልቂጤ ኮምፒዩተር ተምራ ተመርቃ ሥራ እየጠበቀች ነው። ጓደኞቿ ሦስት ናቸው። አማኑኤል ከሁሉም በዕድሜ ከፍ ይላል፤ ከተማው ውስጥ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። ናጃህ ኮሌጅ ትማራለች፤ አፏ ምላጭ ነው። ራምዚ ሞባይል ይጠግናል፤ ቤተሰቦቹ መስቃን በርበሬ ያመርታሉ። እሱ ሲገባም ሲወጣም አይሰማም፤ ፋንቱ ብዙ ጊዜ ሄዷል ብላ መብራት አጥፍታበታለች።

የሚሠሩት ጌም ነው። ጌም ጃም ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ርዕስ ይወጣል። አርብ ራምዚ ከጁምዓ ሲመለስ ይጀምራሉ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ያበቃል፤ እሁድ ሩትና አማኑኤል ቸርች አላቸው። በዚያች ጊዜ እያንዳንዱ በርዕሱ ላይ አንድ ትንሽ ጌም ሠርቶ ያቀርባል። ሌሎቹ ይጫወቱትና ያዩትን ይናገራሉ። ይህን መናገር ፊድባክ ይሉታል።

መጀመሪያ ሰሞን ፊድባኩ ምርቃት ነበር። ኮምፔንሳቶው ምንም አይደብቅምና ፋንቱ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

«አሪፍ ነው።»

«አንደኛ ነው።»

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ይላል ራምዚ።

ለቅሶ ቤት እንኳ ሟችን እንዲህ አያሞግሱም፣ ትል ነበር ፋንቱ በልቧ። ግን ደስ ይላት ነበር፤ ገብሬ ደስ ስለሚለው። ልጆቹ ከመጡ ወዲህ እየሰፋ መዝሙር ማንጎራጎር ጀምሮ ነበር። ከትርፍራፊ ጨርቅ ለየበርጩማቸው መቀመጫ ሰፍቶላቸዋል።

በክረምቱ ሩት ጌሟን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች፤ እንደነሱ ጌም የሚሠሩ ልጆች የሚገናኙበት አለ። ጌሟ የዘቢዳርን ተራራ የምትወጣ ልጅ ናት። የተጫወቱት ሁሉ አንዲት ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ትወድቅና አትነሣም። ሁሉም እዚያው ድንጋይ ላይ ቀሩ። አንዱ፣ «ይሄን የሚነግርሽ ጓደኛ የለሽም እንዴ?» አላት። ሳቁ።

ሩት ስትመለስ ራት አልበላችም። በማግሥቱ ጓደኞቿን ሰበሰበችና ጠየቀች።

«ድንጋዩ ላይ ወድቃችሁ ነበር? እውነቱን።»

እርስ በርስ ተያዩ። መጨረሻ ላይ ራምዚ፣ «እኔ ወድቄያለሁ» አለ። «ያልነገርኩሽ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።»

ሩት ምንም አልመለሰችለትም። ፋንቱ ግን ልጇን ታውቃታለች፤ እልኸኛነቷን የወሰደችው ከሷ ነው። ያልተመለሰ ነገር ሆድ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ከመስቀል በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ፣ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ልጆቹ ጌማቸውን ለማንም መላክ አቃታቸው፤ እርስ በርስ ካልተያዩ የሚያይላቸው ጠፋ። በዚያ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ነበር። አማኑኤል ለሳምንታት አዳራሽ ሲቀመጥ ሰንብቶ አንድ አርብ መጣና አዲስ ሐሳብ አለኝ አለ።

«የኛ ችግር መሸፋፈን ነው» አለ። «በሥርዓት እንገማገም። ሠሪው ይቆማል። መድረኩ ለሂስ ይከፈታል። ሁሉም ሳይሸፋፍን ይናገራል። ሠሪው መሐል ላይ አይናገርም። መጨረሻ ላይ ግለ ሂሱን ያቀርባል። ሰብሳቢው ካላለው አይቀመጥም።»

«እኔ እስማማለሁ» አለች ሩት፣ ሳትጠየቅ።

ፋንቱ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ የቴትሮን ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። መቀሱ ከመሥመሩ ወጣ። ዞር ብላ ገብሬን አየችው። ውጭ ከደጃፉ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ያወራል፤ አልሰማም። ጌታ ሆይ፣ አለች በልቧ።

አማኑኤል ክፉ ልጅ አይደለም። ሰው የለመደውን ነው የሚያውቀው። ተማሪ እያለ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ተገማግሟል፣ ተቀጥሮ ተገማግሟል። ሰው ሰውን የሚያርምበት ሌላ መንገድ አላየም። እንዲህ ያለው ልጅ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፤ ክፉ ቢሆን በዱላ ይባረር ነበር።

ፋንቱ ግምገማን የምታውቀው በባሏ ነው። ያኔ ወልቂጤ ነበር ኑሯቸው። ሩት ገና ፊደል ትቆጥራለች። ገብሬ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። ተሃድሶ የተባለ ጊዜ መጣና አዳራሽ ውስጥ አቆሙት። ጎማ ጠፍቷል ተባለ። መጀመሪያ ነገሩ ስለ ጎማው ነበር። ቀጥሎ ስለ አመለካከቱ ሆነ። ቀጥሎ ስለ ዝምታው፣ ቀጥሎ ስለ አረማመዱ። አብረውት ምሳ የሚበሉ ሰዎች እጅ እያወጡ ተናገሩ፤ ያልተናገረ ነገ እሱ ይቆማላ። አንዱማ፣ ቤታቸው መጥቶ አብሯቸው የሚጸልይ ሰው፣ «ዝም የሚል ሰው አደገኛ ነው» አለ። ገብሬ ጠዋት ሄዶ ይቆማል፣ ማታ መጥቶ ግድግዳ ያያል። በመጨረሻ ያላደረገውን አደረግሁ አለ። ጎማው ቆይቶ ሌላ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። ገብሬን ግን ፈልጎ ያገኘው የለም።

ቡታጅራ፣ የሷ አገር ገቡ። «ለሩት እንዳትነግሪያት» አላት። ሌላ ነገር ለምኗት አያውቅም። ፋንቱም ጌታን ምስክር አድርጋ ቃል ገባች። ሩት የምታውቀው አባቷ ታሞ ሥራ መልቀቁን ነው። ስሙ ከነ«አቶው» ሲጠራ ከመቀመጫው ብድግ የሚለው ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ትሕትና ይመስላታል።

እና ፋንቱ የፈራችው ይህን ነው። ገብሬ ያን ነገር በገዛ ቤቱ፣ ከመኪናው በክንድ ርቀት ላይ፣ ከሰማው ስንት ዓመት የሰፋችው ሰው ይተረተራል።

ያን ዕለት ማታ ሩትን ወጥ ቤት ያዘቻት።

«ያ አማኑኤል ያለው ነገር እዚህ ቤት አይደረግም።»

«የቱ?»

«ሰው ማቆም።»

«እማ፣ ፊድባክ እኮ ነው።»

«ፊድባክ ከሆነ ተቀምጦ አይሆንም?»

«ተቀምጠን አየነው እኮ! ተቀምጠን ተሞጋገስን፣ አዲስ አበባ ሄጄ ተሳቀብኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አይደረግም አልኩሽ፣ አይደረግም።»

«እሺ የት እንሂድ? በአዋጅ አራት ሰው ሆነን የት እንሰብሰብ? መንገድ ላይ?»

ገብሬ ከጓዳ ሰምቷቸው ወጣ። የሰማው ጭቅጭቁን ብቻ ነው። «ልጆቹ ይቆዩ፣ ፋንቱ» አለ። «ቤቱን አሙቀውልናል።»

ፋንቱ ምን ትበል? ባሏን ከልጆቹ ለማዳን ልጆቹን ብታባርር፣ ያንጎራጎረውን መዝሙር ራሷ ልታፍነው ነው። ለምን እንደምታባርር ብትናገር፣ ቃሏን ልትበላ ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ አንድ ዘዴ አገኘች፦ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ገብሬ ሱቅ አይኑር።

ቅዳሜ ምሳ እንደተበላ የታሰረ ዩኒፎርም አሸከመችው። «እንሴኖ ትምህርት ቤት አድርስ። ሚኒባስ ያዝ፣ ስትመለስ እህትህ ቤት ጎራ በል፣ አትቸኩል።» እሺ ብሎ ሄደ። ፋንቱ የፈራ ሰው ነበረችና ቅዳሜ ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑ ትዝ አላላትም።

የሳምንቱ ርዕስ «ጭነት» ነበር። ፋንቱ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ጠመኔ ይዛ ቆመች። መጋረጃው በስተቀኟ ነው፤ በስንጥቁ የሩት ትከሻ ይታያታል።

«እሺ» አለ አማኑኤል። ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። «የመጀመሪያዋ ሩት ናት። ሩት ትቁም። መድረኩ ክፍት ነው።»

ልጇ ተነሥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ናጃህ ተናገረች፦ ሙዚቃው ራስ ያሳምማል፣ ፊደሉ አይነበብም፣ መጨረሻው ቶሎ ይመጣል። አማኑኤል ተናገረ፦ ከባለፈው አልተማረችም፣ ትቸኩላለች፣ ምክር አትሰማም። ራምዚ፣ «እኔ... ፊደሉ ላይ ከናጃህ ጋር ነኝ» ብሎ በዚያው አበቃ።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አለች ሩት፤ አገጯን ቀና አድርጋ። «ቸኩያለሁ። አስተካክላለሁ።»

«ተቀመጪ።»

አለቀ። ልጇ አልተሰበረችም። ፋንቱ ትንፋሿን ለቀቀችው። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ቆነጠጣት፦ ይሄን ሁሉ ከማን ተማረችው? እንዲህ አሳምራ ማን አስጠናት?

«ዝግ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

ገብሬ ነው። ዩኒፎርሙን እንደታቀፈ ተመልሷል። «ቅዳሜ መሆኑን ረሳሽው?» አላትና ፈገግ አለ። ጥቅሉን አስቀምጦ መኪናው ላይ ተቀመጠ።

«ተነሥ፣ ቁልፍ ግዛልኝ።»

«ቁልፍ ሞልቷል እኮ።»

«ነጭ ክር።»

«ትናንት ያመጣነውስ?»

«እህትህ ጋ ሂድ አልኩህ!»

ገብሬ ቀና ብሎ አያት። ልክ ነሽ ሊል ነው፤ አፉ ተዘጋጅቷል። ግን ከመጋረጃው ወዲያ ሩት ስትስቅ ሰማና ፊቱ በራ። «ልጆቹ አሉ?» አለ። ፔዳሉን ረገጠ። መኪናው ጠርርር አለ። ፋንቱ ያን ድምፅ ፈርታው አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ፈራችው።

«ቀጥሎ ራምዚ» አለ አማኑኤል። «ራምዚ ይቁም።»

የራምዚ ጌም በርበሬ የጫነ ጋሪ ነው። ከመስቃን ተነሥቶ ቡታጅራ ገበያ መድረስ አለበት። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ማልበስ ነው፤ ካለበሱት በርበሬው ይበሰብሳል።

«ዝናቡ ድንገት ነው የሚወርደው» አለች ናጃህ። «ሸራውን ላነሣ ስል በርበሬዬ አልቋል። አናደደኝ። የበርበሬ አምራች ልጅ ሆነህ በርበሬ ለዝናብ ታስበላለህ?»

«ተይዟል» አለ አማኑኤል። «ሌላ ሂስ? ሩት?»

«የኔ ሂስ ከጌሙ በላይ ነው» አለች ሩት።

የፋንቱ ጠመኔ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«የራምዚ ችግር የክህሎት አይደለም። የአመለካከት ነው። ራምዚ ያስመስላል። ፊት ለፊት ማሻአላህ ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። እኔን ሰው ፊት ያዋረደኝ እሱ ነው። ልጅቷ እንደምትወድቅ እያወቀ ዝም አለ። አሁንም ዝም ነው የሚለው። ዝም የሚል ሰው አደገኛ ነው።»

ጠመኔው ከፋንቱ እጅ ወደቀና ተሰበረ። ልጇ ትደቆሳለች ብላ ነበር የፈራችው፤ ልጇ ደቋሽ ትሆናለች ብላ አልፈራችም። ያ የወልቂጤው ሰው፣ አብሯቸው የሚጸልየው፣ ሞቷል ብለው ነበር። ይኸው ከሷ ማሕፀን በወጣች ልጅ አፍ ይናገራል።

«ሩት፣ እኔ እኮ...» አለ ራምዚ።

«ሠሪው አይናገርም።» አማኑኤል ነው። «አሁን ግለ ሂስህን አቅርብ።»

የራምዚ ድምፅ እንደ ትንኝ ሆኖ መጣ። «ጌሙን በደንብ አልሠራሁም። ሩትን... ዋሽቻታለሁ።»

«በቂ አይደለም» አለች ሩት። «ውስጥህን ፈትሽ።»

«ሰነፍ ነኝ።»

«ሌላስ?»

«እናንተ ጋ መምጣት የማይገባኝ ሰው ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ፋንቱ ክር ነው ብላ ጠበቀች። ክር አልነበረም። ስትዞር ገብሬ ቆሟል። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ ጠቅልሎ መኪናው ላይ አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። ዓይኑ እሷን አያይም።

«ገብሬ» አለች። እጅጌውን ያዘችው። ክንዱ እንጨት ሆኗል። ሳይገፋት፣ ሳያያትም፣ አልፏት ሄደ። መጋረጃውን ገለጠና ገባ። ፋንቱም ተከትላው ገባች።

ራምዚ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ገብሬ ሄዶ ከጎኑ ቆመ። ተረከዙን ገጠመ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት አየ።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አለ።

ሩት ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! አንተም ጌም ሠራህ?»

«ጎማውን በተመለከተ ጥፋቱ የኔ ነው። የአመለካከት ችግር ነበረብኝ። ዝም ማለቴም ጥፋት ነው፤ ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው፣ መፍራቴም ጥፋት ነው። አረማመዴን አስተካክላለሁ። ትንሽ ልጅ አለችኝ። ሩት ትባላለች። መድረኩ እሷን አይቶ...»

የሩት ሳቅ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ናጃህ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም።

«ገብሬ፣ ና እንውጣ» አለች ፋንቱ። አልሰማትም። ቀስ ብሎ ዓይኑን አነሣና አማኑኤልን አየ፤ አየውና ጠበቀ። ፋንቱ ያን ጊዜ ገባት። እሷም ሩትም ዓመቱን ሙሉ ቢለምኑት አይቀመጥም።

«አንተ ሰብሳቢ!» አለች አማኑኤልን። «ተቀመጥ በለው።»

«እትዬ ፋንቱ፣ እኔ እኮ አላልኩም... እሳቸውን...»

«ተቀመጥ በለው አልኩህ! ካንተ ነው የሚጠብቀው!»

የአማኑኤል ከንፈር ነጣ። «ጋሽ ገብሬ... ይቀመጡ።»

ገብሬ አልተንቀሳቀሰም። «ሂሴ በቂ ነው?» ሲል ጠየቀ፤ እንደ ተማሪ።

«በቂ ነው ጋሼ» አለ አማኑኤል። እንባው ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። «በጣም በቂ ነው። ስለ ጌታ ብለው፣ ይቀመጡ።»

ባዶ የነበረው የራምዚ በርጩማ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ያለው። ገብሬ እሱ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አደረገ። ስክሪኑ ላይ ጋሪው በርበሬውን ጭኖ ቆሞ ይጠብቃል።

ከሁሉ ቀድሞ የተንቀሳቀሰው ራምዚ ነው። ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ነው የሚሄደው» አለው። «ይችን ሲጫኑ ፈረሱ ይሄዳል። ይችኛዋ ሸራ ናት።»

ለምን እንዳለው አይታወቅም። ምናልባት ሌላ የሚለው አጥቶ ነው። ገብሬ ግን የታዘዘ ሰው ነውና ጣቱን አስቀመጠ። ጋሪው ሄደ። ጠመዝማዛውን አለፈ፣ ድልድዩን አለፈ። ትከሻው ትንሽ ወረደ። ከዚያ ምንም ሳይታይ ዝናቡ ዷ አለ፤ በርበሬው በሰበሰ፤ ጋሪው ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ገብሬ ፈጥኖ።

«አይደለም ጋሼ» አለ ራምዚ።

«ሸራውን አላለበስኩትም።»

«በምን ያውቃሉ? ደመና አላደረግሁበትም። የርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የጌሙ ነው።»

ገብሬ ዞሮ ልጁን አየው።

«የኔ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ደመናው ቀድሞ ቢታይ ኖሮ አለብሰው ነበር» አለ ገብሬ።

«ያለብሱት ነበር።»

ፋንቱ ሩትን በክንዷ ይዛ ወደ ሱቁ አወጣቻት። ልጅቷ እንደ ጨርቅ ተጎተተች።

«አባዬን ምን አድርገውት ነው?»

ፋንቱ ቃሏን በላች። ወልቂጤን፣ አዳራሹን፣ ጎማውን ነገረቻት፤ አላሳጠረችላትም። «ዝም የሚል ሰው አደገኛ ነው» ያለውን ሰው ስትነግራት ሩት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማ፣ እኔ ያንን አላውቅም ነበር። ከየት እንደሰማሁት እንኳ...»

«ሁሉም ቦታ አለ። እንደ ጉንፋን ነው።»

«ራምዚን ይቅርታ እለዋለሁ። ተንበርክኬ...»

«አትንበረከኪም! ደግሞ ሌላ ግለ ሂስ?» ፋንቱ ተቆጣች፤ ስትፈራ የምትቆጣ ሴት ናት። «ሂጂና ስለ ጌሙ ንገሪው። ውሸት አትንገሪው፣ ቆንጆ ነው አትበይው። ስለ ጋሪው፣ ስለ ዝናቡ። ስለ ልጁ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ! ደግሞ በዚህ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ሠሪው ይቀመጣል፣ የሚናገረው ነው የሚቆመው። የማይመቸው ካለ አስፋልቱ ያው።»

ሩት ገባች። ፋንቱ በመጋረጃው ስንጥቅ አየቻት። ቆመች። እንደ ቅድሙ ግድግዳውን አልተደገፈችም፤ መሐል ላይ ናት፣ እጇን የምታደርግበት አጥታለች። ራምዚ ሌላ በርጩማ ስቦ ከገብሬ ጎን ተቀምጧል።

«ራምዚ» አለች። «ዝናቡ... ከመምጣቱ በፊት ሰማዩ ይጥቆር። ቀስ እያለ። ድልድዩ ጋ ደግሞ ፈረሱ ይንቀረፈፋል፣ እዚያ ሰለቸኝ።» ቆም አለች። አንድ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተች። ፋንቱ መጋረጃውን በጡጫዋ ጨበጠች። ሩት አባቷን አየች፣ አፏን ዘጋች። «ይኸው ነው» አለች።

«ድልድዩን አስተካክለዋለሁ» አለ ራምዚ። አላያትም። መልሶ ጓደኛ ያደርጋታል ወይስ አያደርጋትም፣ ገና አይታወቅም ነበር። አማኑኤል ጥግ ይዞ አቀርቅሯል።

ገብሬ ተነሣና ወጣ። ፋንቱን አልፎ መኪናው ጋ ሄደ። ተቀመጠ። ሜትሩን ፈትቶ አንገቱ ላይ አደረገ። ኮፍያውን ግን አላጠለቀም።

«ነገርሻት» አለ።

«ነገርኳት።»

ክሩን በምራቁ አርሶ ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋ። ክሩ ሳተ። እንደገና አስጠጋ፣ ሳተ። ፋንቱ ልትወስድለት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ልክ ነሽ ብሎ ይሰጣታል፤ ከሰጣት ደግሞ ነገም ትሰካለታለች፣ ከነገ ወዲያም።

የተሰበረውን ጠመኔ ከመሬት አንሥታ ጨርቋ ላይ አጎነበሰች። መሥመር አላሰመረችም። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ናጃህ፣ «ደመናው ግራጫ ይሁን እንጂ፣ ጥቁር ከሆነ ከበስተኋላው ካለው ከዘቢዳር ጋር ይምታታል» ትላለች፤ ሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላታለች። ፋንቱ አንዱን ጆሮዋን ወደ ልጇ፣ ሌላውን ወደ መኪናው አድርጋ ቆመች። ክሩ እንደገና ሳተ። ጠበቀች።